የመጨረሻው ፉርጎ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሜ ከአንድ ወረቀት ጋር ስጣላ ነበር። «የወሩ አዳዲስ ልቦለዶች» ይላል ከላይ። ከሥሩ «የንባብ ክበባችን ምርጫዎች» ብሎ አምስት መጽሐፍ ደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ ተስሏል። መጽሐፍ እንደ ሆቴል በኮከብ ሲመደብ ሳይ ደሜ ይፈላል። እውነቱን ለመናገር ደሜን የሚያፈላው ብዙ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ የሰውን ጠብ በታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ጎረቤቶቼ «ነገረኛዋ እታገኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ አልተቀየምኳቸውም።

ወረቀቱን ለማንበብ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ስጠጋው ይደበዝዝብኛል፣ ስርቀው ይጠራል። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለአንድ ወረቀት ብዬ ማውጣቱን ጠላሁት።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሐያት የምትባል ልጅ ናት፤ ፊቷ ሁልጊዜ ይስቃል፣ እሱም ያናድደኛል። በሩ ላይ ብቅ አለችና፣

«ማዘር፣ ግቢ እንጂ! ምነው በር ላይ ቆምሽ? ክበባችን ቅዳሜ ነው። አንቺም ትመርጫለሽ፣ ሀያ፣ በይ ግቢ!» አለችኝ።

ድሬ አንቱታ አታውቅም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይደነግጣል እንጂ እኛ በዚህ ተናድደን አናውቅም። «ማዘር» መባሌን ግን አልወደድኩትም። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ሦስት መስመር አላት፤ «ርዕስ»፣ «ደራሲ»፣ «ለምን መረጡት?» ትላለች። እስከዚያ የምወስደው ቢኖር ብላ ከአዲሶቹ መጻሕፍት ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።

«የቱን ልስጥሽ?»

«ፊደሉ ትልቅ የሆነውን» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። በዚህችው ከተማ፣ በዚሁ ሰፈር፣ መጽሐፍን በፊደሉ ትልቅነት ይመርጥ የነበረ አንድ ሰው ነበር። ከሥራው እንዲወርድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የባቡር ሰዎች ሠርተውት በሄዱ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ከእንጨት የተገጠሙ፣ በረንዳው ሰፊ። ግቢው ውስጥ ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው፣ እኛ ግን ዛፍ ብቻ የምንለው ባለ ቀይ አበባው ዛፍ አለ። ግንቦት ሲገባ በረንዳው በአበባ ይሸፈናል፤ ጋሽ መርጊያ ጠዋት ጠዋት እየጠረገ ይሳደባል። ጋሽ መርጊያ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ጠራጊ፣ ጠራዥም ነበር፤ ከእሱ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም።

እሑድ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሰው ሳያባርር፣ የንባብ ማኅበር እዚያ ይሰበሰባል። አሥራ አንድ ሰው ነበርን፤ አብዛኞቹ የባቡር ሰዎች፣ ሁለት አስተማሪ፣ አንድ ባለ ሱቅ፣ እና እኔ። ከማዶ ካለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ሻይ በወተትና ትኩስ ሳምቡሳ ይመጣል። ጋሽ መርጊያ በዘይት ጣት መጽሐፍ የነካ ሰው ካየ ያስነሳዋል።

ችግሩ መጽሐፍ ነበር። አዲስ ልቦለድ በስንት ጊዜ አንዴ በካርቶን ይመጣል፤ የሚመጣውም ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰው አንድን መጽሐፍ በአንድ ወር እንዴት ያነባል? መላውን ያመጣው ጋሽ መርጊያ ነው። የወሩ መጽሐፍ ሲመረጥ ጀርባውን በምላጭ ይቀድና በአምስት ይከፍለዋል፤ አምስቱንም በወስፌ ወግቶ፣ በክር ሰፍቶ፣ የካርቶን ሽፋን ያለብሳቸዋል። ወሩ ሲያልቅ አምስቱን ገጥሞ መልሶ ይጠርዘዋል። የባቡር ከተማ አይደል፣ ክፍሎቹን «ፉርጎ» እንላቸው ነበር። አንደኛ ፉርጎ፣ ሁለተኛ ፉርጎ፣ እያለ እስከ አምስተኛው። በየፉርጎው የኋላ ሽፋን ላይ ስማችን በተራ ተጽፎ ይለጠፋል፤ አንብቦ የጨረሰ ሰው ስሙ ላይ ምልክት ያደርግና ከሥሩ ላለው ሰው ያስረክባል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን። ፉርጎ የጎደለበት አይናገርም። አምስቱንም ያላነበበ ሰው እሑድ ሊመጣ ይችላል፣ ሻይም ይጠጣል፤ ግን ከኋላ ይቀመጣል፣ አፉንም አይከፍትም።

ሙሴ ሐሰን ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። የባቡር ነጂ ነበር፤ ሃምሳን አለፍ ያለ፣ ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። በሐዲዱ ሥራ ፈረንሳይኛ ስለለመደ ከተማው ሁሉ «ሙሴ» ይለዋል፣ በእነሱ ቋንቋ «አቶ» እንደማለት ነው። ሲናገር ሰው ሻዩን ይረሳል። የአንድን መጽሐፍ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረቀት ሳይገልጥ፣ ሰዎቹን በየድምፃቸው እያናገረ ይተርከዋል። በረንዳው ላይ ቆሞም ከመንገዱ ጫፍ የሚመጣውን ሰው፣ እኛ ነጭ ነጠብጣብ እንጂ ሌላ በማናይበት ርቀት፣ «ግርማ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ጫማውን አላሰረም» ይል ነበር። ደርሶ ስናየው አላሰረም። እኔም በመጀመሪያ እወደው ነበር። ልጁ ነዒማ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ናት፤ አራት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ያኔ ቀፊራ ገበያ ልብስ መስፋት ጀምራ ነበር።

ጠቡ የመጣው በምርጫ ነው። ሦስት አዳዲስ ልቦለዶች በካርቶን መጡ። አንዱን ጋሽ መርጊያን ለምኜ አስቀድሜ ወሰድኩና በሁለት ቀን ጨረስኩት። ስለ አንዲት የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነበር። አባቴም እናቴም ፋብሪካ ያረጁ ናቸው፤ የእኛን ቤት ገብቶ የጻፈው ነው የመሰለኝ። ማኅበሩ ውስጥ ገብቼ ምንም መርጬ አላውቅም ነበር፤ ለዚህኛው ንግግር ጽፌ፣ ቢሮ በታይፕ መትቼ፣ እሑድ ጠዋት ቆሜ አነበብኩ።

ስጨርስ ሙሴ ሐሰን መጽሐፉን ስጪኝ አለኝ። መሐሉ ላይ ገለጠ፣ ክንዱን ዘርግቶ አየት አደረገው፣ ዘጋውና ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው።

«ይሄ የኮረዳ ለቅሶ ነው። አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ትንሽ ኑሪ፣ ከዚያ ትመርጫለሽ» አለ።

ሰው ሳቀ። እስከ ዛሬ ድረስ የእያንዳንዳቸውን ሳቅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ቀጠለና የራሱን ምርጫ፣ ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ የተጻፈውን መጽሐፍ፣ አቀረበ፤ እጅ ሲወጣ ለእኔ መጽሐፍ የወጣው የእኔው እጅ ብቻ ነበር። ጋሽ መርጊያ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ምላጩን ይስል ጀመር።

ጠላሁት። ሌላ ቃል አልፈልግለትም፤ ጠላሁት። ቤት ስገባ እናቴ ምን ሆነሻል እያለችኝ ያቺን በታይፕ የተመታች ንግግሬን ቀዳድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው ለአንድ እሑድ ከኋላ ተቀምጦ ዝም ሲል ማየት። ስማችን በተራ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ደግሞ ከእኔ ስም ሥር ያለው የእሱ ስም ነው።

አራቱን ፉርጎዎች በጊዜያቸው አሳለፍኩ። ሙሴ ሐሰን ግማሹን ሳምንት ጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነ እየመጣች የምትወስድለት ነዒማ ናት። እኔም እንዳነበብኩ እሰጣታለሁ፤ ፊቴን ግን አልፈታላትም። መጽሐፉ፣ ሳልወድ በግዴ ልናገርና፣ ጥሩ ነበር። ቆፋሪው ባልገደለው ሰው ነፍስ ተከሶ ረጅም ዓመት ታስሮ ይፈታና ወደ ሚስቱ ቤት በእግሩ ይመለሳል። አራቱ ፉርጎ በሙሉ መንገድ ነው፤ አቧራው፣ ደረቁ ወንዝ፣ በየመንደሩ «ውኃ የት ይገኛል?» ብለው የሚያስቆሙት ሰዎች። አምስተኛው ላይ የሚስቱ ደጅ ይደርሳል። ያንኳኳል ወይስ አያንኳኳም? ከተማው ውስጥ አሥራ አንድ ሰው የሚያስበው ይህን ነበር።

አምስተኛው ፉርጎ ሰኞ እጄ ገባ። ማክሰኞ ጨረስኩት። አያንኳኳም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጭሱን ያይና ይመለሳል፤ ከዚያ ደራሲው ስለ ሰው ልጅ ዕጣ አራት ገጽ ሙሉ ይሰብካል። ተናድጄ ዘጋሁትና አልጋዬ ሥር ከትቼ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ነዒማ ደጃችን ላይ ቆማ አገኘኋት።

«እታገኝ፣ አምስተኛው ደረሰሽ አይደል?»

«አልጨረስኩም።»

«አባ ነገ ይገባል። እሑድ ደግሞ ስብሰባ ነው። ወላሂ ለአንድ ቀን ብቻ ስጪኝ፣ አመጣልሻለሁ።»

«አልጨረስኩም አልኩሽ እኮ!»

ዓርብ ምሳ ሰዓት፣ ሱቁ ሁሉ በተዘጋበት፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያቀልጥበት ሰዓት መጣች። ያንኑ መለስኩላት። ዓርብ አመሻሽ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ አሁን በፌስታል ጊሽጣ ይዛ ነበር፣ ያኔ ወቅቱ አልፎ ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። እንደምወደው ታውቃለች። ተቀበልኳት። ደጃፉ ላይ ቆማ እያየችኝ አንዱን ፈልቅቄ በላሁ፣ ፍሬውን መሬት ተፋሁና «ያው ነው፣ አልጨረስኩም» አልኳት። ነዒማ ነጠላ ጫማዋን እያንሸራተተች ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር ያደረገች ልጅ እኔ ነኝ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ግን ጊሽጣው ጣፋጭ እንደነበረም አልክድም።

እሑድ ጠዋት ፉርጎውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሙሴ ሐሰን ገባ፣ ነዒማ ተከትላው መጥታ በረንዳው ላይ ቀረች። ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ መጥቶ አጠገቤ፣ የተለመደ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ መርጊያ «ፉርጎ የጎደለበት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከእኔ በታች ያሉት ሁሉ አምስተኛው አልደረሰንም እያሉ እያጉረመረሙ ወደ ኋላ ሄዱ። ሙሴ ሐሰን አልተነሳም።

«አምስቱንም ጨርሻለሁ» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አምስተኛው እኮ ጉልበቴ ላይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው!

መተረክ ጀመረ። ደጁ ጋ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቆፋሪው አንኳኳ አለ። ሚስቲቱ ከፈተች፤ አላወቀችውም። መንገደኛ መስሏት በጣሳ ውኃ ሰጠችው። ጠጣ። አመሰገነ። ጣሳውን በተረፈችው ውኃ አለቀለቀና፣ ማንም ሳያሳየው፣ ከበሩ ጀርባ እጁን ሰዶ፣ ዱሮ ራሱ በመታት ምስማር ላይ ሰቀላት። ሴትየዋ ጣሳዋ ስትወዛወዝ አየች። ከዚያ አወቀችው።

ከኋላ አንዱ አፍንጫውን ጠረገ። እኔ ራሴ የጣሳዋን ነገር ደግሜ መስማት ፈለግኩ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ከእኔ በፊት አምስተኛውን ያነበቡት ጥቂት ነበሩ፤ አንዱ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ የሙሴ ሐሰን አለቃ የነበረው አቶ ግርማ ነው። ግንባሩን ቋጠረና፣

«ሐሰን፣ ይሄ የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አለ።

ያን ጊዜ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ፉርጎውን አወጣሁ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና ሙሴ ሐሰን እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«እዚህ ላይ ነው የሚሆነው። አንብብልን እስቲ!»

ክንዱን ዘረጋ። ትንሽ ጨመረ። ክንዱ አለቀ። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ ቀይ አበባ በረንዳው ላይ ይረግፋል። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። «ሴትየዋ በሩን ከፈተች…» እያለ፣ ዓይኑን ከመስመር ወደ መስመር እያወረደ፣ ጣሳዋን፣ ምስማሯን፣ አንድ በአንድ አነበበ። እጁ ላይ ካለው ገጽ አንዲቷም ቃል የለችበትም።

አቶ ግርማ ተነስቶ ከሙሴ ሐሰን ትከሻ በላይ ገጹን አነበበ።

«ሐሰን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ማንም አልሳቀም። እንደሚስቁ እርግጠኛ ነበርኩ። ሙሴ ሐሰን ወረቀቱን እንደያዘ በሩን አየ፤ ነዒማ ገብታ ቆማ ነበር። ለእሱ ነገሩ የተገለጠለት ያኔ ነው፤ ልጁ ያነበበችለት ነገር መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ያኔ ነው ያወቀው። ፉርጎውን ከእጁ ወሰደች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ «አባ፣ እንሂድ» አለችው።

አንጀቴ ራሰ። እዋሻለሁ እንዴ? ለአንድ አፍታ አንጀቴ ርሶ ነበር። ነዒማ አባቷን መንገድ ላይ ትታ እስክትመለስና የግቢው በር ላይ እስክትይዘኝ ድረስ።

«ስድስት ዓመቴ… ስድስት ዓመት ሙሉ የማነብለት እኔ ነኝ!» አለችኝ፤ ንዴቱ ቃል ያሳስታታል። «አባ መነጽር አድርግ ስለው፣ መነጽር ያደረገ ነጂ ከሞተር ይወርዳል፣ ባቡር አያስነዱትም ይለኛል። ሦስቴ ደጅሽ መጣሁ። ሦስቴ! ከኋላ ተቀምጦ ዝም ከሚል ብዬ የልብስ መለኪያ ደብተሬን ገልጬ፣ መጽሐፍ ነው ብዬ፣ ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩለት። ሩቁን እኮ ካንቺ የተሻለ ያያል! አሁን ግርማ ዝም የሚል ይመስልሻል?»

«አላወቅኩም» አልኳት።

«ጊሽጣዬን ስትበዪ ግን መጽሐፉን እንደጨረስሽ ታውቂ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

ግርማ ዝም አላለም። ምን ብለው እንደመረመሩት አላውቅም፤ በወሩ ሙሴ ሐሰን ከሞተር ወርዶ ግምጃ ቤት መፍቻ የሚያድል ሠራተኛ ሆነ። እሑድ መምጣቱን ተወ። ከቀትር በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ እሱ ከከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ብቻውን ይቀመጣል፤ ባቡር ሲጮህ የእጅ ሰዓቱን ክንዱን ዘርግቶ ለማየት ይታገላል። እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ለመድኩ።

ማኅበሩም ብዙ አልቆየም። አቶ ግርማ አንድ ቀን ቢሮ መጥቶ፣ «አይክፋሽ፣ የስንቱን ተሳፋሪ ነፍስ አትርፈሻል» አለኝ። ይህችን ቃል ያዝኳት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ያ እሑድ ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ «የተሳፋሪ ነፍስ» እላለሁ ለራሴ። ሰው ሲጠይቀኝም እንዲሁ። የነዒማን «ሩቁን ያያል» የልጅ አፍ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። አርባ አምስት አልፎኝ፣ አንድ ጠዋት ታይፕ የምመታው ክስ ተደበላለቀብኝ። ወረቀቱን አራቅኩት፣ ጠራ። ተራራው ላይ ያሉትን ፍየሎች ግን በመስኮት አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ታወርኩ ብዬ እያለቀስኩ ሳቢያን ሰፈር አንድ መነጽር ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ወጣት ነበር፤ መርምሮኝ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ነው። ሁሉም ሰው ይደርሰዋል። የቅርቡን ለማንበብ መነጽር አድርጊ፣ ሩቁን እንደሆነ እንደ ንስር ነሽ» አለኝ። መነጽሩን አድርጌ ወጣሁና ባጃጅ ተራ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የተሳፋሪ ነፍስ! አንድም ነፍስ አላተረፍኩም። ጫማው ያልታሰረውን ሰው ከመንገድ ጫፍ የሚያየውን ነጂ ነው ከሞተር ያወረድኩት።

ሌላም ነገር ያን ቀን ገባኝ። ሙሴ ሐሰን በየወሩ የመረጣቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ሁሉም ፊደላቸው ትልልቅ፣ መስመራቸው የተራራቀ ነበር። የእኔ የፋብሪካ ልጅ ደግሞ ፊደሏ ደቃቅ። መሐሉን ገልጦ፣ ክንዱን ዘርግቶ ወርወር ያደረገው ታሪኩን አይደለም፤ አላነበበውም እኮ። በየወሩ አንድ ቀን ራሴ አነብ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር መሰለኝ፤ ለእኔ ይህን ከሚናገር «የኮረዳ ለቅሶ» ማለት ቀለለው። ማለት አልነበረበትም። ለዚህ ዛሬም አልምረውም፤ ቢያንስ ይህችን ያህል ጥላቻ ትቅርልኝ።

ሙሴ ሐሰን ከሞተ ቆይቷል። ለቅሶው ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ውጭ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል መጣብኝ። ሐያት ያመመኝ መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ። አዲሶቹን ልቦለዶች ወደ ጎን ገፋሁና፣ የዱሮው ቤት መጻሕፍት የት ገቡ ብዬ ጠየቅኳት። ኋላ ክፍል፣ በካርቶን አሉ አለችኝ። ስለ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚናገር፣ ጥርዙ በጆንያ ክር የተሰፋ መጽሐፍ ፈልጊልኝ አልኳት። «አቦ ማዘር፣ አቧራ እኮ ነው!» አለች፤ ግን ገባች። ለአንድ ሰዓት ያህል ስታስነጥስ ሰማኋት።

ይዛው መጣች። የጋሽ መርጊያ ክር እንደ ጠነከረ ነው። የአምስቱ ፉርጎ ካርቶን ወልቆ መጽሐፉ አንድ ሆኗል፤ የአምስተኛው የስም ዝርዝር ብቻ ከኋላ ሽፋኑ ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል። የእኔ ስም ላይ እስክሪብቶ ተመላልሶበት፣ ወረቀቱ ተቀዶ፣ ካርቶኑ ድረስ ጠልቆ ነበር። ከሥሩ የሙሴ ሐሰን ስም ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ጨርሷል ማለት ነው። የውሰት ካርዱ ላይ ከማኅበሩ በኋላ አንድ ስም ብቻ ሰፍሯል፤ ነዒማ ሐሰን። ከእሷ ወዲህ የወሰደው የለም።

ስብከቱ ያለበትን አራት ገጽ ገልጬ አለፍኩ። ከእሱ በኋላ ባዶ የነበሩት ቅጠሎች ባዶ አልነበሩም። ልብስ ሰፊ ጨርቅ በሚያሰምርበት ወፍራም እርሳስ፣ በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ሰባት መስመር ብቻ፣ እያንዳንዱ ፊደል የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ፣ «ሴትየዋ በሩን ከፈተች» ብሎ ይጀምራል። ጣሳዋ አለች። ምስማሯ አለች። ከማንበብ ብዛት የገጾቹ ጫፍ በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ሳያነብለት፣ ደጋግሞ ያነበበው ነው።

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ነበር።

ነዒማ ሳቢያን ነው የምትኖረው፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ በባጃጅ ስታልፍ አይታኝ ፊቷን አዙራለች። ቅዳሜ ጠሪ ብልክባት አትመጣም። እኔ ደጇ ሄጄ ባንኳኳ ትክፈት አትክፈት አላውቅም። ለማወቅ ግን ማንኳኳት አለብኝ፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ መመለሱንማ አንዴ ሞክሬዋለሁ።

ሐያት ቁራጭ ወረቀቷን አውጥታ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ርዕሱን ጻፍኩት። ደራሲስ?»

«የመጀመሪያውን ደራሲ እዚያው ሽፋኑ ላይ ታገኚዋለሽ። ከሥሩ ነዒማ ሐሰን ብለሽ ጨምሪ።»

ጻፈች። ወደ መጨረሻዋ መስመር ወረደች።

«ለምን መረጥሽው?»

«ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።